ግቡበት የሚል ፋውንቴን

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከኋላ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ። ድምፄ ይሰማል? ቡና የምታፈሉት ጋ ይደርሳል? ጥሩ።

መድረኩን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው እዚህ የቆመው ወንድማችን ስለ ጤና ኢንሹራንስ አስተምሮን ነው የሄደው። ጠቅሞናል፣ እግዜር ይስጠው። የእኔ እንደሱ ወዲያው የሚጠቅም ነገር አይደለም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስለ አንድ ፋውንቴን ነው የማወራው። እዚሁ ፖርትላንድ ዳውንታውን፣ ከኬለር አዳራሽ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ የአርማታ ፋውንቴን። የሚያውቀው እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ከግማሽ በላይ ነን። ማን እንደሠራው የሚያውቅስ? ሁለት እጅ። እሺ፣ እንግዲህ ሥራ አለብን።

ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። አንደኛ፣ ማን ሠራው? ሁለተኛ፣ ከተፈጥሮ ምን ወሰደ? ሦስተኛ፣ የቆመው ምን ላይ ነው? ሦስተኛው ትንሽ ይመራል። በመሃል ከመስመር ከወጣሁ ታገሱኝ፤ ታክሲ የነዳ ሰው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ያውቅበታል።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ቦታው አንድ ብሎክ ነው፣ በቃ። የፖርትላንድ ብሎክ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ትንሽ ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን 61 ሜትር ገደማ። ከአራተኛው አቬኑ በኩል ከገባችሁ መጀመሪያ የምታገኙት ዛፍ ነው። በዛፎቹ መሃል፣ በአርማታ ቦይ ውስጥ፣ ቀጭን ውሃ ይሄዳል፤ ድምፁም ብዙ አይሰማም። ወረድ ስትሉ ከሌላ ውሃ ጋር ይገናኛል፣ ይሰፋል፣ ይፈጥናል። ከዚያ ገደል! አራት ማዕዘን የሆኑ ትልልቅ የአርማታ ግድግዳዎች ቆመዋል፤ ውሃው ከነሱ አናት ላይ አምስት ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ሰፊ ገንዳ አለ፤ ገንዳው ላይ ደግሞ ሰው የሚቆምባቸው፣ የሚጋደምባቸው፣ ምሳውን የሚበላባቸው ጠፍጣፋ የአርማታ መደቦች አሉ። ፓምፖቹ በደቂቃ 13,000 ጋሎን ያዞራሉ። በሊትር 49,000 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ስትጠብቁ የኖራችሁ በሮቶ አስቡት፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ፣ 49 ሮቶ፣ በየደቂቃው! ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፣ እየዞረ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የተዋወቅሁት ታክሲ ስነዳ ነው። አዳራሹ ውስጥ ኦፔራ ሲኖር፣ እስኪያልቅ ውጭ ተሰልፈን እንጠብቃለን። መስኮት ከፍቼ እቀመጣለሁ። የአውቶቡሱን ድምፅ ውሃው ይውጠዋል። አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ ክራቫቱን እንዳሰረ ከአዳራሹ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ሚስቱ ቦርሳዋን ይዛ ዳር ቆማ ትስቃለች። ከዚያ እግሩ እየተንጠባጠበ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። ምንጣፌን አበላሸብኝ። ግን ጥሩ ጉርሻ ሰጠኝ፣ ተፋቀርን። ያን ማታ ነው ማወቅ የፈለግሁት፤ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ጫማ የሚያስወልቅ ነገር የሠራው ማን ነው?

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ።

በመጽሐፉም በምኑም የምታገኙት ስም ሎረንስ ሃልፕሪን ነው። በ1916 ብሩክሊን የተወለደ ላንድስኬፕ አርክቴክት። እዚህ ከተማ ላይ አንድ ፋውንቴን ብቻ አይደለም የሠራው፤ ከደቡብ ጀምሮ ተያይዞ የሚመጣ የአደባባዮች ሰንሰለት ነው። ትንሿ ምንጭ አለች፣ ከዚያ በ1966 የተከፈተው ላቭጆይ ፋውንቴን፣ ከዚያ ኮረብታ ኮረብታ የሆነው ጥላማው ፔቲግሮቭ፣ መጨረሻ ላይ ይሄ ትልቁ። በእግር ነው የምትሄዱት፣ መኪና የለም። ሚስቱ አና ሃልፕሪን ስመ ጥር ዳንሰኛ ነበረች። እሱም ሰው በቦታ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት የተማረው ብዙውን ከሷ ነው። የት ይቆማል፣ የት ይዞራል፣ የት ይሮጣል። ፋውንቴኑን ስታዩ ይሄ ይገባችኋል። መድረክ ነው። ተመልካችና ተዋናይ ግን አልተለየም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ስሙኝ። ሃልፕሪን በወጣትነቱ ፍልስጤም ሄዶ ኪቡትዝ በሚባለው የጋራ እርሻ መንደር ውስጥ ኖሯል፤ በኋላም እየተመለሰ እዚያ ሠርቷል። በየዓመቱ በሲግድ ቀን ቤተ እስራኤላውያን ከየከተማው ኢየሩሳሌም ይሰበሰባሉ አይደል? ቄሶቹ ጥላ ይዘው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ አሮጌዋን ከተማ እያዩ ይጸልያሉ። የት ነው የሚሰበሰቡት? አርሞን ሃናጺቭ፣ ኮረብታው ላይ ያለው የእግር መንገድ ጋ። እዚያ ያለውን የሃስ መንገድ የሚባለውን የነደፈው ማን መሰላችሁ? ይኸው ሰውዬ! ከእስራኤላዊው ሽሎሞ አሮንሰን ጋር። እኔ ይህን ሳነብ ብድግ ነው ያልኩት። ከጎንደር መንደሮች ተነስታ ሱዳንን ያቋረጠች እናት በዓሏን የምታከብረው፣ እኔ ታክሲ አቁሜ የምጠብቅበትን ቦታ የሠራው ሰው በነደፈው መንገድ ላይ ነው። አጋጣሚ ነው፣ ሌላ ነገር ነው አልልም። ግን ደስ አይልም?

ልመለስ። የሃልፕሪን ስም ጎላ፤ ትልቁን ፋውንቴን በእጇ የነደፈችው ግን እሱ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። አንጄላ ዳናድጂዬቫ። ስሟን ድገሙልኝ እስቲ። ዳናድጂዬቫ። ከበደን? የእኛም ስም ለነሱ እንዲሁ ነው። ቡልጋሪያዊት ናት። አገሯ እያለች ፊልም የሚቀረጽበትን ቦታ ትገነባ ነበር፣ ቤቱን፣ ግድግዳውን፣ ሰው የሚወጣ የሚወርድበትን። ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ አሜሪካ። መሬቱን በወረቀት ብቻ አልሠራችውም፣ ሞዴሉን በሸክላ ጭቃ እያበጀች ነው ቅርጹን ያገኘችው። አሁን ለሴት ልጆቻችን እነግራለሁ፣ ስሙኝ፤ ከተማው ውስጥ በጣም የሚወደደውን ቦታ የነደፈችው ስደተኛ ናት። የምትናገረው እንግሊዝኛ እንደኛው ዘዬ ነበረው፣ እርግጠኛ ነኝ። ለብዙ ዘመን ግን ሰው ሲያወራ የሷ ስም በአለቃዋ ስም ሥር ተቀብሮ ነው የኖረው።

ፋውንቴኑ የተከፈተው በጁን 1970 ነው፣ በእኛ ሰኔ 1962። ጊዜውን አስታውሱ። የቬትናም ጦርነት ነው። በሜይ ወር ኦሃዮ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በወታደር ጥይት ሞቱ። እዚህም የፖርትላንድ ስቴት ተማሪዎች ተቃውሞ ወጡ፤ ፖሊስ በዱላ በተናቸው፣ ብዙዎች ተጎዱ። ከፋውንቴኑ በእግር የምትደርሱበት ቦታ ነው። እንግዲህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሥልጣኑ ሱፍ ለብሶ፣ ወጣቱ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ሁለቱም አንድ ምረቃ ላይ ተገናኙ። ምን ይጠበቃል? ጭቅጭቅ አይደል? ውሃው ሲለቀቅ ወጣቶቹ ገቡበት። ሃልፕሪን ንግግሩን አደረገ፣ እዚህ ስትጫወቱ ሁላችንም አንድ ላይ መሆናችንን አትርሱ የሚል ነገር ተናገረ፣ ከዚያ ራሱም ገባበት። የፋውንቴን ምረቃ ላይ ነዳፊው ውሃ ውስጥ! እኛ አገር ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባ ይሆናል፣ በነጋታው ጥበቃ ይቆማል። የኒውዮርክ ታይምስ የሥነ ሕንፃ ሐያሲ ኤዳ ሉዊዝ ሃክስቴብልም ከሕዳሴ ዘመን ወዲህ ከተሠሩት ወሳኝ የከተማ ቦታዎች አንዱ ሳይሆን አይቀርም ብላ ጻፈችለት። ትንሽ አልበዛም? እኔን ጠይቁኝ፤ አልበዛም።

ሁለተኛ ነጥብ። ከተፈጥሮ ምን ወሰደ?

ይሄን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤያለሁ፤ ሁሉም ፏፏቴ ይመስላል ይለኛል። ይመስላል እንዴ? ፏፏቴ አራት ማዕዘን አለው? እዚያ ቦታ ላይ አንድም የውሸት ድንጋይ የለም። አንዳንድ ሆቴል በር ላይ የምታዩትን ታውቃላችሁ፣ ሲሚንቶ አጠጋግተው ቡናማ ቀለም ቀብተው አለት ነው የሚሉትን፣ አናቱ ላይ ፕላስቲክ አበባ የሰኩበትን። እሱ ተፈጥሮን መስሎ ማታለል ነው። እነዚህ ሰዎች አርማታ ነን አሉ፣ አርማታ ሆነው ቆሙ። ሃልፕሪን ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች እየወጣ በማስታወሻ ደብተሩ ውሃ ይስል ነበር፤ ድንጋይ ሲገጥመው እንዴት እንደሚዞር፣ ሲጠበው እንዴት እንደሚቆጣ። የወሰደው የድንጋዩን መልክ አይደለም፤ የውሃውን ጠባይ ነው። ዝም ብሎ ይጀምራል፣ ይገናኛል፣ ይበዛል፣ ይወድቃል፣ ያርፋል። ከአራተኛው አቬኑ ስትወርዱ ያያችሁት ይሄን ነው። ከዚህ ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ የኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ስትገቡ፣ 189 ሜትር የሚወርደውን መልትኖማ ፏፏቴ ስታዩ፣ የአርማታው ግድግዳ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባችኋል። ጥቁሩ ገደል ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።

ሌላም ነገር ወሰዱ፤ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ወንዝ ዳር አጥር አለ? ልጅ ሆናችሁ ወንዝ ወርዳችሁ፣ አትግባ የሚል ሰሌዳ አይታችኋል? ተፈጥሮ ና ይላል። አደጋም አለው፣ ትጠነቀቃለህ፣ ትማራለህ። ይሄ ፋውንቴን ያንን ነው የገለበጠው። ና ግባ ይላል። ውጣ፣ ውረድ፣ ረግጠህ እየው፣ ከውሃው ኋላ ቁም፣ እርጠብ። መሃል ከተማ ላይ!

እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ስሙን የማልጠራው አንድ አደባባይ ነበር፣ ፋውንቴን ያለው። ውሃ የሚኖረው በበዓል ቀን ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ቅጠል ይሰበስባል። ታዲያ ደረቁንም ቢሆን አትጠጉም! ጥበቃው ፉጨቱን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቀናል። «አንተ! ሣሩን አትርገጥ!» በዱላ እስከ መንገዱ ማዶ ያባርረናል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሥራው ነው፣ የታዘዘው ነው። ግን ልጅ ምን ይማራል? የከተማው ቆንጆ ነገር ያንተ አይደለም፣ ከሩቅ እየው። ይሄን ነው የተማርነው። አሁን ሸገር አምሮባታል፣ በየቦታው ፋውንቴን ነው፣ ማታ በመብራት ይጨፍራል፣ ሄጄ አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን እጄን ልነክር ስል ዙሪያዬን ቃኘሁ። ልማድ አይለቅም።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና። የባሕር ዳር አካባቢ ሰው ናት፣ ጢስ ዓባይን በልጅነቷ ታውቀዋለች። ኩራት ይዞኝ ወሰድኳት። ቆማ አየች፣ ነጠላዋን አጣፋች። «ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። «የትም አይሄድም እማዬ፣ በፓምፕ ይመለሳል» አልኳት። «ማሳ አያጠጣም?» «አያጠጣም።» «ሰው አይጠጣውም?» «አይጠጣውም።» ዝም አለች። ከዚያ «መብራት ሲጠፋስ?» አለች። «ይቆማል» አልኳት። «እንግዲያውስ የኛንም እንዲሁ አድርገውታል» አለችኝ።

እውነቷን ነው እኮ! ጢስ ዓባይ ወደ 40 ሜትር የሚወርድ ታላቅ ፏፏቴ ነው፤ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ግን ውሃው ወደ ተርባይን ሲዞር በበጋ ይሳሳል፣ ገደሉ ራቁቱን ይቀራል። ቱሪስት ሲመጣ ዛሬ ውሃ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እግዜር የሠራው ፏፏቴ በማብሪያ ማጥፊያ ሲሆን፣ ሰው የሠራው ደግሞ እዚህ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። እናቴ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ያን ቀን ግን አርክቴክቶቹ ያላነሱትን ነገር አንስታለች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነከረች፣ «ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ነጥብ ውስጥ ገብተናል። የቆመው ምን ላይ ነው?

መጀመሪያ ቤት ላይ ነው የቆመው። የሰው ቤት። ደቡብ ፖርትላንድ የአይሁድና የጣልያን ስደተኞች ሰፈር ነበር። ምኩራብ፣ ዳቦ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ከደጃፍ የምትጠራህ አሮጊት። እንደ እኛ መጀመሪያ የመጣ ዘመዱን እየጠራ የሰፈረበት። በ1958 ከተማው የልማት ኮሚሽን አቋቋመ፣ ሰፈሩን ያረጀ ነው አለ፣ አፈረሰው። ነዋሪው ተበተነ። በቦታው አፓርታማ፣ ቢሮና እነዚህ አደባባዮች መጡ። ይሄን ለአዲስ አበባ ልጅ ማብራራት ያስፈልጋል? ካዛንቺስ ላደገ፣ ፒያሳ ላደገ ሰው? አያስፈልግም፣ ልለፈው። ግን አንድ ነገር ብቻ። ፋውንቴኑ ሲከፈት ስሙ ፎርኮርት ነበር። በ1978 ኬለር ተባለ። አይራ ኬለር ማን ነው? የዚያ ኮሚሽን ሰብሳቢ። ሰፈሩ ሲፈርስ ወንበሩ ላይ የነበረው። በጭቃ ሞዴሉን ያበጀችው ዳናድጂዬቫ ስሟ አልወጣለትም። ሰፈራቸው የፈረሰውም ሰዎች ስማቸው አልወጣለትም። ለፍትሐዊነት ይሄንም ልበል፤ ኬለር ከፈረሰ በኋላ ሌላ ሕንፃ ሊደረድርበት ይችል ነበር፣ ለሰው ክፍት የሆነ ቦታ እንዲሠራ የቆመውም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

ሁለተኛው ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ አይደለም። ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ ዘ ዳልስ አጠገብ ሰሊሎ የሚባል ፏፏቴ ነበር፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ። ዋስኮ፣ ያካማ፣ ኡማቲላ፣ ሌሎችም የአገሩ ሰዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከእንጨት መደብ ላይ ሆነው በመረብ ሳልመን ያጠመዱበት፣ የተገበያዩበት፣ የተጋቡበት ቦታ። ገበያቸው ነው፣ መቅደሳቸው ነው። ማርች 10 ቀን 1957 የዘ ዳልስ ግድብ በሩ ተዘጋ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፏፏቴው ከውሃ በታች ሆነ። ድምፁ ጠፋ። አሮጊቶቹ ዳር ቆመው አለቀሱ። እኔ የግድብ ጠላት አይደለሁም፤ የዓባይን ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ደረሰኙም ቤት አለ። ግን አስሉት። በ1957 እውነተኛው ፏፏቴ ሰጠመ። 13 ዓመት አልፎ መሃል ከተማ ላይ በመብራት የሚሠራ ፏፏቴ ተመረቀ። የዚህ አካባቢ መብራት ደግሞ ብዙው ከየት ይመጣል? ከነዚያው ግድቦች! ተፈጥሮን ያስታውሰናል ሲሏችሁ፣ የትኛውን ተፈጥሮ ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ አውቀህ ትወደዋለህ ወይ? አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል፣ እዚህ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም። እወደዋለሁ። በ2013 በአገር አቀፍ የቅርስ መዝገብ ሲገባ ደስ ብሎኛል፤ በ2019 የሰንሰለቱ ጥገና ሲያልቅም እንዲሁ። የምወደው ግን ውብ ስለሆነ አይደለም። ውብ ነገርማ ሞልቷል። ሰውን ስላመነ ነው። ከተማው ሕዝቡን በዱላ በደበደበበት ዓመት አንድ ቦታ ሠርቶ፣ ያለ ጥበቃና ያለ አጥር፣ እናንተ ትልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ግቡ፣ ራሳችሁን ጠብቁ አለ። ከባድ ነገር ነው እኮ! ሰው ማመን ከአርማታ ማፍሰስ ይከብዳል።

አሁን ወደ ራሳችን። ኮሚቴዎች፣ አትቆጡኝ። የማኅበራችንን ግቢ ለማሳመር ያወጣችሁትን ንድፍ አይቻለሁ። ደክማችሁበታል፣ እናመሰግናለን። መሃል ላይ ትንሽ ፋውንቴን አለች፤ ቆንጆ ናት፣ መስቀል አበባ የመሰለች። ዙሪያዋን ግን ምንድን ነው ያደረጋችሁት? የብረት አጥር! ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው። ልጆቹ ያበላሹታል አላችሁ። ያበላሹት! ታዲያ ለማን ነው የምንሠራው? ለፎቶ ነው? ውሃዋን ጥልቀቷን አሳንሱ፣ ቁርጭምጭሚት ይድረስ፤ ወለሉ እንዳያዳልጥ ሻካራ ይሁን፤ ዳሯን ሰፊ አድርጉት፣ እናቶች ተቀምጠው ልጅ ይጠብቁበት። ክሎሪንና ማጣሪያውን ባለሙያ ይይዘዋል፣ ያንን እኔን ሂድና ጠይቅ ብላችሁ ብትልኩኝ ደስ ይለኛል። ለአጥሩ የተያዘው ገንዘብ ለዚህ ይበቃል፣ ዋጋውን አይቻለሁ፣ ብረት ውድ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። የእኔ ድምፅ ያለ አጥር ነው፣ አሁኑኑ ጻፉልኝ። የሚቃወመኝ ካለ፣ እንዳለም አውቃለሁ፣ ጋሽዬ እጃቸውን አውጥተው ነው የቆዩት፣ ቡናው ስለደረሰ መጀመሪያ አቦሉን እንጠጣና ከዚያ እንከራከር። አመሰግናለሁ።